መንገደኛ የወጣበት ቤት

በሩን ገፋ ሳደርገው መጀመሪያ የተቀበለኝ ሽታው ነው። ሰም በላምባ ተሟሙቶ፣ ጣውላ ላይ ተቀብቶ፣ በብርድ ልብስ ቁራጭ ሲታሽ የሚወጣው ሽታ። እዚያው ደጃፍ ላይ ቀጥ አደረገኝ። ከአውቶቡስ ተራ መመለሴ ነበር። የልጅ ልጄ ማህሌት ነርስ ሆና ጋምቤላ ተመድባ፣ ማለዳ ሻንጣዋን ይዤ ሸኘኋት። ይዤ ስል እንኳ እሷ ነች የያዘችው፤ እኔ እጀታውን ነካ ነካ ነው ያደረግኩት። እናቷ ሰናይት፣ ማለትም ልጄ፣ አብራን መምጣት አልቻለችም። ይህንን ከአምስት ኪሎ ዝቅ ብሎ ያለውን የኪራይ ቤት የምንለቀው ዛሬ ነው፤ አከራይዋ ከሰዓት በኋላ መጥታ ቁልፉን ትረከባለች። ማህሌት ከሄደች ለሁለት ሴት ይህ ሁሉ ክፍል ምን ያደርጋል ብለን ጠበብ ያለ ቤት አግኝተናል፤ ዕቃው ትናንት ሄዷል። እና ሰናይቴ፣ የኔው ልጅ አይደለች፣ እኔ ደርሼ እስክመለስ ቤቱን ጠርጋ፣ ጣውላውን በቡሩሽ ፈትጋ፣ ሰም ቀብታ፣ ወልውላ ጨርሳለች። ቀሚሷ እስከ ጉልበቷ ርሷል፣ ሻሿ ወደ ኋላ ሸርተት ብሏል፣ ፊቷ ግን በርቷል።

«እማ፣ አየሽው? ፊት ያሳያል እኮ!» አለችኝ።

ዓይኔን ከወለሉ ላይ ማንሳት አቃተኝ። እሷም ደንገጥ ብላ «ምነው፣ አመመሽ እንዴ?» ስትለኝ «ቆይ፣ ጫማዬን ላውልቅ» ብያት ደጃፉ ላይ የቀረችው በርጩማ ላይ ዘጭ አልኩ።

መንገደኛ በወጣበት ቀን ያ ቤት አይጠረግም። እኔ ባደግኩበት ጊዜ ይህን የማታውቅ ሴት አልነበረችም። ሰው ሩቅ አገር ሲሄድ፣ ቢያንስ ሌሊቱ አልፎ፣ ሲሆን ደግሞ «በሰላም ገባ» የሚል ወሬ ተሰምቶ ነው መጥረጊያ የሚነሳው። ወጣ እንዳለ ከጠረግሽው ዱካውን አብረሽ ጠረግሽው፣ መመለሻውን አጠፋሽበት ይባላል። ወዲያው የሚጠረገው አስከሬን የወጣበት ቤት ነው። እናቴ፣ አባቴ ለንግድ ወደ ጅማ ሲወርድ፣ የበላበትን ፍርፋሪ እንኳ ከምንጣፉ አታነሳም ነበር። ለሰናይት ግን ይህን አላስተማርኳትም። ሰም ማሟሟቱን፣ ጣውላን በስንጥቁ አቅጣጫ መፈተጉን፣ የመስኮት መስታወት በጋዜጣ ማሸቱን፣ ከኪራይ ቤት ሲወጡ ከገቡበት አሳምሮ መውጣቱን፣ ሁሉን አስተማርኳት። ይህችን አንዷን ዘለልኳት፤ ይህችን ካነሳሁ የእትዬ ዘነበችን ቤት ማንሳት ሊኖርብኝ ነው። እሱን ደግሞ ለማንም ተናግሬው አላውቅም።

እትዬ ዘነበች ቤት የገባነው እኔና ባለቤቴ ካሳ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ እንደተጋባን ሰሞን ነው። ዘመኑ የደርግ ነው። ዓመቱን ተዉኝ፤ ስኳር በሰልፍ የሚታደልበት፣ ሳሙና ቀበሌ ሱቅ መጣ ሲባል ሰፈሩ ዘንቢሉን አንጠልጥሎ የሚሮጥበት፣ ማኪያቶ ባንኮኒ ላይ ተደግፎ በስሙኒ የሚጠጣበት ዓመት ነው፣ በቃ። ቤት መከራየት እንደ ዛሬው ደላላ ጠርቶ፣ ውል ተፈራርሞ አልነበረም። ትርፍ ቤት ሁሉ ተወርሶ የመንግሥት ሆኗል። ሰው በቀረችው አንድ ቤቱ ውስጥ ክፍል ማከራየት አይፈቀድለትም። ኧረ ታዲያ አዲስ ተጋቢ የት ይግባ? ደባል ሆኖ ይገባል። ደባል ማለት አከራዩ ጉያ ተሸጉጦ፣ ለጠያቂ ሁሉ ዘመድ ነኝ እያለ የሚኖር ተከራይ ነው። የቀበሌው ሰው መጥቶ «እነዚህ ደግሞ እነማን ናቸው?» ሲል፣ እትዬ ዘነበች ነጠላቸውን አስተካክለው፣ ዓይናቸውን ሳያሹ «የወንድሜ ልጅ ናት፣ ከነባሏ» አሉት። እትዬ ዘነበች ወንድም ኖሯቸው አያውቅም። እኔም እሳቸውን ካወቅኩ ገና ሁለተኛ ሳምንቴ ነበር።

ቤቱ ከጊዮርጊስ ቁልቁል ወርደው ወደ ዶሮ ማነቂያ ሲታጠፉ የነበረ፣ በረንዳው ወደ መንገድ የወጣ የጥንት የጣውላ ቤት ነው። በሩ አንድ ነው። በሩ ሳሎን ያስገባል፣ ከሳሎኑ በግራ የእትዬ ዘነበች መኝታ፣ በቀኝ የእኛ ክፍል። ሳሎኑ ውስጥ፣ ጥግ ይዞ በተዘረጋ አልጋ፣ ልጃቸው ሰለሞን ይተኛል። ሶሎ ነበር የምንለው። ባላቸው በልጅነቱ ሞተውባቸው፣ የሰው ልብስ እየሰፉ ነው ያሳደጉት፤ ሌላ ልጅ የላቸውም። የስፌት መኪናቸው ድምፅ ዛሬም ጆሮዬ ውስጥ አለ፤ ሶሎ ሲያመሽ ይፈጥናል፣ ሲመጣ ቀስ ይላል። ይህን ያህል ነበር ለአንድ ልጃቸው የሚሳሱት።

ሶሎ የፒያሳ ልጅ ነው ስል በቃ ገብቷችኋል። ሱሪው ቤልቦተም፣ ከታች መንገዱን የሚጠርግ። ጸጉሩ አፍሮ፤ ኋላ የቀበሌ ወጣቶች ቁረጥ እያሉ እስኪያስቸግሩት ድረስ። አንድ ሸሚዝ ነበረችው፣ ቡርቱካን መልክ ያላት፤ ረቡዕ አጥቦ ሐሙስ ይለብሳታል። ሙዚቃ ቤቱ ድምፅ ማጉያውን ወደ መንገድ ባዞረበት ቦታ ቆሞ አዲስ ዘፈን በአንድ ጊዜ አጥንቶ ይመጣል። ጠዋት ጠዋት ከክፍላችን ስወጣ «አጎቴ እንዴት አደሩ?» ይለኛል፤ የውሸት አባቴን፣ የእናቱን የሌለ ወንድም ማለቱ ነው። «ደህና ናቸው» ካልኩ «በሬ አርደው ሳይጠሩን ቀሩ አሉ፣ ቅር ብሎኛል በይልኝ» ይላል። አንድ ቀን የቀበሌው ሊቀመንበር በረንዳው ላይ ቆሞ እየሰማ «አጎቴ ሰሞኑን ሪህ ተነስቶባቸዋል» ብሎ አዝኖ ሲነግረው፣ ሰውዬው «እግዜር ይማራቸው» ብሎ ሄደ። ሳቄን ይዤ ወደ ጓዳ ስገባ ድስት ነው ያንኳኳሁት። እትዬ ዘነበችም መርፌያቸውን ከአፋቸው እስኪያወጡ ድረስ ሳቁ።

እኔን «ጓድ ጽዳት» ነበር የሚለኝ። አመል ነው፤ አቧራ ካየሁ አላርፍም። ጽሕፈት ቤት ታይፒስት ነበርኩና ቀኑን ሙሉ ጣቴ ቀለም ነው፤ ቤት ስገባ ውሃ እስክነካ ድረስ እቸኩላለሁ። ቅዳሜ ከሰዓት የጣውላው ቀን ነው። እኔ እፈትጋለሁ፣ እትዬ ዘነበች ሰሙን በላምባ ያሟሙታሉ፣ ማሸቱ የሶሎ ድርሻ ነው። ከአሮጌ ብርድ ልብስ የተቀደደ ቁራጭ ከእግሩ ሥር ያደርግና፣ ሬዲዮ ከፍቶ፣ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ እየተንሸራተተ ይጨፍርበታል። እናቱ «ቀስ በል፣ ትወድቃለህ!» ይላሉ። እሱ እጃቸውን ይዞ ይጎትታቸዋል፤ እምቢ እምቢ እያሉ አንድ ዙር ይሄዳሉ። ያ ሽታ ለኔ ቅዳሜ ማለት ነበር። ካሳ ደሞዝ የተቀበለ ቅዳሜ ከሆነ ደግሞ ከጣሊያኑ ኬክ ቤት ሚልፎሊ ይዞ ይመጣል፤ አራት ሆነን እዚያ በሚያብረቀርቅ ወለል ላይ ቁጭ ብለን፣ ፍርፋሪው እንዳይወድቅ በጄ ከሥር እየተቀበልኩ እንበላለን። ዛሬ ሚልፎሊ ስበላ ክሬሙ ብቻ ነው የሚሰማኝ፤ ያን ጊዜ እስከ ሰኞ ይጣፍጥ ነበር።

እንግዲህ ሶሎ አስራ ሁለተኛን ጨርሶ ውጤቱ ሳይመጣለት ቀረ፤ የዩኒቨርሲቲው በር ስድስት ኪሎ ላይ እዚያው እንዳለ ቀረ። ወዲያው ቀበሌው ለውትድርና መረጠው። ክረምቱ ሳይወጣ፣ እሁድ ጠዋት፣ ቀበሌው ግቢ ተሰብስበው እንዲሳፈሩ ተነገራቸው። በዚያው ሳምንት ደግሞ፣ ጉድ በሉ፣ ለእኛ ኮልፌ ውስጥ የቀበሌ ቤት ተመደበልን። ከስንት ደጅ ጥናት በኋላ ነው። እስከ እሁድ ገብታችሁ ካልተገኛችሁ ለሌላ ይሰጣል ተባልን። ስለዚህ ቅዳሜ ዕቃችንን አስጫንን፤ ካሳ አዲሱን ቤት እየጠበቀ እዚያ አደረ። እኔ ባልዲዬንና ቡሩሼን ይዤ ክፍሉን አጽድቼ ላስረክብ ቀረሁ። ከዚያ ቤት እሁድ ቀን የሚወጣው ሁለት ሰው ነበር። እኔ የቆጠርኩት ራሴን ብቻ ነው። ይህን አሁን ስጽፈው እንኳ ፊቴ ይግላል።

ያን ጠዋት ዝናቡ ሲያካፋ አድሮ መንገዱ ጭቃ ሆኗል። እኔ ከእነሱ ቀድሜ ተነስቼ ሳሎኑን በእርጥብ ጨርቅ አብሼዋለሁ። ሶሎ ቁርሱን አልበላ ብሎ በእናቱ ልመና ሁለት ጉርሻ ወሰደ። ጸጉሩ ተቆርጦ አንገቱ ቀጥኖ ልጅ መስሏል። ግንባሬን ስሞ «ጓድ ጽዳት፣ አጎቴን ሰላም በይልኝ» ብሎኝ ከእናቱ ጋር ወጡ። ደረጃውን ከወረዱ በኋላ ሹራቡን ረስቶ ኖሮ ተመልሶ ሮጦ ገባ። ጭቃውን እንደያዘ። ከበሩ እስከ አልጋው፣ ከአልጋው እስከ በሩ፣ ጥርት ያለ የጫማ ምልክት።

«ሶሎ! ጭቃህን! አሁን ያበስኩትን!» ብዬ ጮህኩበት።

ዞር ብሎ ወለሉን አየና ሳቀ። «ይሄማ ማህተም ነው» አለኝ። «የቀበሌ ማህተም ነው ጓድ፣ ባለቤቱ ሳይመለስ አይነካም። ስመጣ ራሴ በብርድ ልብሴ አስለቅቀዋለሁ።»

ለሶሎ የተናገርኩት የመጨረሻ ቃል «ጭቃህን» የሚል ነው። በሰላም ግባ እንኳ አላልኩትም።

እትዬ ዘነበች በሩ ላይ ቆመው ሰምተውት ነበር፤ እሳቸውም ፈገግ አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው «አስቱዬ፣ በይ ቤቱን እንዳትነኪው። እንዳለ ተይው። ነገ እኔ እጠርገዋለሁ። ቁልፉን መስኮቱ ላይ አድርጊልኝና ሂጂ፣ ባልሽ ብቻውን ነው» አሉኝ። ልጃቸውን ተከትለው ወረዱ።

እዚህ ላይ ነው ስህተቴ። እኛ እንዴት ነው ያደግነው? እንግዳ ሆነሽ ሰው ቤት ገብተሽ ሰሃኑን ልታነሺ ስትይ «ተይው፣ እኔ አነሳዋለሁ» ትባያለሽ፤ ያደገች ልጅ ከሆንሽ ታነሻለሽ። «አትልፊ» ሲሉሽ ትለፊያለሽ። «ኧረ በቃኝ» ያለውን ሰው አንድ ጉርሻ ትጨምሪለታለሽ። የጨዋ ልጅ «ተይ» ስትባል ያልተወችው ናት። እኔም የእትዬ ዘነበች «እንዳትነኪው» ይሉኝታ መሰለኝ። ልጃቸውን እየሸኙ፣ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ፣ ለእኔ ድካም የሚያስቡ ሰው፣ ብዬ ሆዴ ባባ። እንዲህ ያለች ሴት ከሽኝት ስትመለስ የቆሸሸ ቤት ይጠብቃት? አይሆንም አልኩ። ደግሞ አልዋሽም፣ ሌላም ነገር ነበረበት፤ ጎረቤታችን ወይዘሮ የሺ አፏ እሳት ነው። ከእኛ በፊት የነበሩት ደባሎች ሲወጡ «የጅብ ዋሻ አድርገውት ሄዱ» እያለች ዓመት ሙሉ አውርታለች። የእኔ ስም እንደዚያ እንዲነሳ አልፈለግኩም። አስቴር የወጣችበት ቤት ፊት ያሳይ ነበር እንዲባል ፈለግኩ።

ክፍላችንን ጠረግኩት። ጥራጊው መውጫው በሳሎኑ ነው፤ በሩ አንድ ነው ብያችኋለሁ። ሳሎኑንም ጠረግኩት። ከተጠረገ አይቀር ብዬ ባልዲውን ሞላሁ፤ ቆጥቤ ያስቀመጥኳት የቀበሌ ሳሙና ነበረች፣ ግማሽ፣ እሷን ሳልሰስት በቡሩሽ ፈተግኩበት። ከጎረቤት ሬዲዮ ዘፈን ይመጣል፣ የጊዮርጊስ ቅዳሴ ወጥቶ ነጠላ የለበሰ ሰው በመስኮቱ ሥር ያልፋል፣ እኔ ተንበርክኬ ላቤ ጠብ እስኪል እፈትጋለሁ። የሶሎ ጫማ ምልክት ጋ ስደርስ አመንትቼ ነበር ብላችሁ ደስ ባለኝ። አላመነታሁም። «ይሄ ልጅ!» ብዬ ስቄ፣ ሲመለስ እንዳይደክም ላስለቅቅለት ብዬ፣ ከአልጋው ጀምሬ እስከ በሩ አንድ በአንድ አጠብኳቸው። ውሃውን ደጃፍ ደፋሁት። ከዚያ ሰሙን አሟሙቼ ቀባሁ፤ የእሱን የብርድ ልብስ ቁራጭ ከአልጋው ሥር አውጥቼ ከእግሬ ሥር አደረግኩና፣ ማንም እያየኝ አይደለ፣ እንደሱ እየተንሸራተትኩ አሸሁት። ደስ ብሎኝ ነበር። ይሄ ነው የሚያንገበግበኝ፤ ደስ ብሎኝ ነበር።

እትዬ ዘነበች የተመለሱት ነጠላቸው በዝናብ ርሶ ትከሻቸው ላይ ተጣብቆ ነው። ዓይናቸው ቀልቷል። በሩን ገፋ አድርገው አንድ እግራቸውን አስገቡና ቆሙ።

«አዩት እትዬ? ፊት ያሳያል እኮ!» አልኳቸው።

ወለሉን ከበሩ እስከ አልጋው፣ ከአልጋው እስከ በሩ አዩት። ከዚያ ወደ እኔ ቀና ብለው፣ ባልዲዬን፣ የተላጠ ጉልበቴን፣ የሳሙና አረፋ ያለበት እጄን አይተው «እጅሽ ይባረክ፣ ልጄ» አሉኝ። ጫማቸውን አወለቁ። በመሀል አልሄዱም። በግድግዳው ጥግ ጥጉን፣ በባዶ እግራቸው፣ ማንም የማይሄድበትን ዞረው ወደ ልጃቸው አልጋ ሄዱና ተቀመጡ። ያኔ ነው እናቴ ትዝ ያለችኝ፤ የአባቴ ፍርፋሪ ትዝ ያለኝ። እጄ ላይ ያለው ጨርቅ ከበደኝ። ይቅርታ ልበላቸው? ምን ብዬ? ይቅርታ ማለት ልጅዎን እንዳይመለስ አደረግኩት ማለት ሆነብኝ። ቁልፉን መስኮቱ ላይ አድርጌ፣ ጉንጫቸውን ስሜ፣ ባልዲዬን ይዤ ወጣሁ። ደረጃው ላይ የደፋሁት ውሃ ገና እየወረደ ነበር፤ እሱን እየረገጥኩ ወረድኩ።

ከዚያ ወዲያ ፒያሳን ጠላሁ። መሥሪያ ቤቴ እዚያው ነው፣ መቅረት አልችልም፤ ግን ከአውቶቡስ ስወርድ በዶሮ ማነቂያ በኩል አላልፍም፣ ዞሬ በላይ ነው የምመጣው። የምወደውን ማኪያቶ የትም እጠጣለሁ፣ እዚያ አልጠጣም። በዓል በዓል ሲሆን ግን ሕሊናዬ አላስችል ይለኝና አንድ ነገር ይዤ ብቅ እላለሁ። እትዬ ዘነበች «የወንድሜ ልጅ መጣች!» ብለው በደስታ ነው የሚቀበሉኝ፤ የቀበሌ ሰው ባይኖርም እንደዚያው። ስለ ሶሎ ያወራሉ፤ ከአሥመራ ከመጣ ሰው ሰላምታ ደርሷቸዋል፣ ወፍሯል አሉ፣ ጢም አብቅሏል አሉ። እኔ ዓይኔ ወለሉ ላይ ነው። ጣውላው አመድ መስሏል። ከዚያ እሁድ ወዲያ ያ ወለል ሰም አላየም፤ ቡሩሽም አልነካውም። «ላሽልዎት?» ብዬ አፌን ከፍቼ አላውቅም። እሳቸውም ስለዚያ ቀን አንድ ቀን እንኳ፣ በቀልድም ይሁን በምሬት፣ አንስተውብኝ አያውቁም። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ጦርነቱ አለቀ፣ መንግሥትም ተለወጠ። ወታደሩ በየመንገዱ ተበትኖ፣ የተቀዳደደ ካኪ ለብሶ፣ ባዶ እግሩን ከሰሜን በእግር መጣ። እትዬ ዘነበች በየጠዋቱ ጊዮርጊስ ደጃፍ ቆመው የሚያልፈውን ሁሉ ፊት ያያሉ ሲሉኝ፣ እኔም በኮልፌ መንገድ የማየውን ሁሉ ፊት ማየት ጀመርኩ። አንድ ሁለቱን አስቁሜ ሶሎን ያውቁ እንደሆነ ጠይቄያለሁ። «አጎቴ እንዴት አደሩ?» የሚለኝ አጣሁ። ከስንት ጊዜ በኋላ አብሮት የነበረ የሰፈር ልጅ ድኖ መጣ፤ መርዶውን ያመጣው እሱ ነው። ሶሎ ከሞተ ቆይቷል፤ ያን ሁሉ በዓል ስንጠያየቅ እሱ አፈር ውስጥ ነበር።

ለቅሶው ላይ ድንኳኑ ውስጥ ሴቶቹ መሀል ተቀምጫለሁ። ወይዘሮ የሺ አጠገቤ ናት። አፏን ወደ ጆሮዬ አድርጋ «ምስኪን፣ ምን ታድርግ፣ በገዛ እጇ ነው» አለችኝ። «ምኑ?» አልኳት።

«አላወቅሽም እንዴ? ልጁ የሄደ ዕለት ቤቱን ጠረገችው እኮ! ጠረገችው ብቻ? አጠበችው! ውሃው በደረጃው ሲወርድ ሁላችንም አይተናል። በማግስቱ ማነው እንዲህ ያደረገው ብዬ ብቆጣ፣ ‹እኔ ነኝ፣ እጄ ቦዝኖ አልቀመጥ ቢለኝ ጠረግኩት› አለችኝ። ይሄን ሁሉ ዓመት እሷን ስንረግም ኖርን። እናት እንዲህ ታደርጋለች?»

እናት አላደረገችውም። ይህን ማለት ነበረብኝ። ድንኳኑ ሙሉ ሰው ነው፤ ቆሜ «እኔ ነኝ!» ማለት ነበረብኝ። ገባችሁ? ሰፈሩ እኔን እንዳይረግም፣ የኮልፌዋ አስቴር ስሟ በየጓዳው እንዳይነሳ፣ አንድ ልጃቸውን የሰጡ ሴት እርግማኑን በራሳቸው ወስደው፣ በጎረቤት ምላስ ሲገረፉ ኖረዋል። እኔ ደግሞ በበዓል ሙዝ ይዤ እየመጣሁ ጉንጫቸውን እስም ነበር።

ተነስቼ ወደ እሳቸው ሄድኩ። ፍራሻቸው ጫፍ ተንበርክኬ «እትዬ፣ እኔ እኮ ነኝ...» ስል እጄን አንጓው ላይ ጠበቅ አድርገው ያዙኝ። ያ የስፌት እጅ ጥንካሬው አልለቀቀውም ነበር። «ዝም በይ» አሉኝ በቀስታ። ከዚያ ለለቀስተኛው ሁሉ በሚሰማ ድምፅ «የወንድሜ ልጅ ናት፣ ከሩቅ ነው የመጣችው፤ እህል አቅምሱልኝ» አሉ። እህል አቀረቡልኝ። እኔም፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ዝም ብዬ በላሁ። ወይዘሮ የሺ እያጎረሰችኝ እትዬ ዘነበችን ስታማ፣ ዝም ብዬ በላሁ።

መጥረጊያ ሰው አይገድልም። ይህን አውቃለሁ፤ ሶሎን የገደለው ጦርነት ነው፣ የላከውም እኔ አይደለሁም። ካሳም ሁልጊዜ በበዓል ከዚያ ስመለስ ለምን እንደማለቅስ ሳያውቅ «በቃ፣ የሆነው ሆኗል» ይለኝ ነበር። በቀን ይህን አምናለሁ። ግን አንዲት እናት ተስፋ አድርጋ የተወችውን የልጇን ዱካ አጥቤ ደፍቼዋለሁ፤ ያን ያደረገ ጦርነት አይደለም። እትዬ ዘነበች ሳይቆዩ ተከተሉት። ዛሬ ቤቱም የለም፣ ሰፈሩም ፈርሶ ሜዳ ሆነ፣ ወይዘሮ የሺንም የት እንደወሰዷት አላውቅም። ታክሲ ውስጥ ሆኜ በምኒልክ አደባባይ ሳልፍ በረንዳው የነበረበትን በዓይኔ እፈልጋለሁ፤ ሰማይ ነው የማየው። እውነቱን ልናገር ብል የምነግረው የሰፈር ሰው አልቀረም።

«እማ፣ ኧረ አስደነገጥሽኝ፣ ምን ሆነሻል?» አለች ሰናይት። ጨርቁን እንደያዘች አጠገቤ ቁጢጥ ብላለች። ጉልበቷ ተልጧል። ማህሌት የምትደርሰው ነገ ነው፤ መንገዱ ደግሞ እንዴት እንደሆነ ሁላችንም እንሰማለን። ያንን ወለል አየሁት። ጠዋት ልጅቷ የቆመችበት፣ ሻንጣዋን ያጋደመችበት፣ ሁሉም ታጥቦ ያብረቀርቃል። በዚያች ቅጽበት እትዬ ዘነበች በር ላይ ቆመው የዋጡት ምን እንደነበረ ገባኝ።

«እጅሽ ይባረክ፣ ልጄ» አልኳት።

ፊቷ በራ። እኔ ጫማዬን አውልቄ፣ ግድግዳውን ይዤ፣ በጥግ ጥጉ ገባሁ።

ቁልፍ ልትረከብ አከራይዋ ስትመጣ በር ላይ ቀጥ አለች። በእድሜ የእኔ እኩያ ናት፣ የዱሮ ሰው። ወለሉን አየች፣ ከዚያ ሁለታችንን ተራ በተራ አየችን፤ እጇን አፏ ላይ ጫነች። «ልጅቷ ዛሬ ጠዋት አይደለም እንዴ የሄደችው? በመድኃኔዓለም! ማነው የጠረገው?»

ሰናይት ምን እንዳጠፋች ሳይገባት «እ...» ብላ አፏን ስትከፍት እጇን አንጓው ላይ ጠበቅ አድርጌ ያዝኳት።

«እኔ ነኝ» አልኩ። «እጄ ቦዝኖ አልቀመጥ ብሎኝ።»